ያለ ምክንያት የሚሄድ ሰው

ሐኪሙ ለባለቤቴ ያዘዘው ነገር ከመድኃኒት ሁሉ የቀለለ ነበር። «ጋሼ፣ በእግርዎ ይሂዱ» ነው ያለው። በየቀኑ፣ ፈጠን እያሉ፣ ላብ ጠብ እስኪል ድረስ። ምግብ ቀነስ፣ ጣፋጭ ተወት። ከሦስት ወር በኋላ ስኳሩ ካልወረደ ግን ኪኒኑ ብቻውን ስለማይበቃ ወደ መርፌ እንሄዳለን አለና፣ መርፌውንም ቤትዎ ሆነው ሆድዎ ላይ ራስዎ ነው የሚወጉት ብሎ ጨመረበት።

ባለቤቴ መርፌ ይፈራል። ይፈራል ስል እንደማንኛውም ሰው ፊቱን ዞር ያደርጋል ማለቴ አይደለም። ልጆቻችን ሲከተቡ እኔ ልጁን እይዛለሁ፣ ነርሷ ደግሞ እሱን ትይዘዋለች። የዞን መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲመራ ድምፁ ውጭ ያለውን ዘበኛ የሚያስደነግጥ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጨንቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን ከሐኪሙ ክፍል የወጣው ክንዴን ይዞ ነው። ቤት ገብቶ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀና እግሮቹን ማየት ጀመረ።

ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። አባቱ ደካ ከተማ ውስጥ በዚሁ በሽታ ነው የሞቱት። መጀመሪያ የእግራቸው ጣት ቆሰለ፤ ቀጥሎ እግሩ ተቆረጠ፤ ብዙም ሳይቆዩ እሳቸውም ተከተሉ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስቶልኝ አያውቅም፤ የሰማሁት ከእህቱ ነው። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣቶች ደህና መሆናቸውን ለማወቅ እያንዳንዳቸውን ሲነካካ ሳየው ፈራሁ። እኔ ደግሞ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ።

«ተነስ!» አልኩት። «ከነገ ጀምሮ ትሄዳለህ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አለ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። በትዳራችን ዘመን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከሸዋ ተመድቤ ቦንጋ ስገባ ሁለት ዓመት አገልግዬ ዝውውር ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ፤ ይሄ ሰውዬ መጣና ሐሳቤን አስቀየረኝ። ስለዚህ መንገዱን በሚመለከት ሥጋት አልነበረኝም። ቦንጋ በየትኛውም በኩል ብትወጣ ዳገት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ዙሪያው ጫካ። ለእግረኛ የሚመች ከተማ ነው። ያላሰብኩት ስለ ሰዉ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ቱታውን ለበሰ። ለመሥሪያ ቤቱ የስፖርት በዓል ድሮ የታደለ ሰማያዊ ቱታ ነው፤ ዚፑ ሆዱ ጋ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ቆመ። ደጃቸው ላይ ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ፣ ገና ከበር ስንወጣ አዩን። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። የሰፈሩን መውጣትና መግባት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነው?» አሉ።

«የትም» አልኳቸው።

በእኛ ሰፈር የትም የሚባል ቦታ የለም። ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ የታመመ ሊጠይቅ ይሄዳል። ምንም ሳይዝ ሄዶ ምንም ሳይዝ የሚመለስ ሰው፣ ያውም በቱታ፣ አንድ የደበቀው ጉድ አለ ማለት ነው።

«የትም እንዴት ይኬዳል?» አሉ ቃሪያቸውን ትተው እየተነሱ። «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

ስፖርት ነው አልናቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልን።

ከዚያ ሰላምታው መጣ። ቦንጋ ውስጥ እየተራመዱ ሰላም ማለት ነውር ነው። ይቆማል፣ ይጨበጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ እናት ትጠየቃለች፣ ላሟ ትጠየቃለች፣ ጥጃዋ ወንድ ናት ሴት ይባላል። ባለቤቴ ደግሞ የአገሩ ሰው ነው፤ የማያውቀው ሰው የለም፤ አንዱን በአማርኛ ጀምሮ በካፊኖኖ ይጨርሰዋል፣ ሌላውን በካፊኖኖ ጀምሮ በሳቅ ይጨርሰዋል። አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ላብ ያጠመቀው እኔን ነበር፤ ያውም በንዴት።

አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ ከፊታችን ቆመ። ሹፌሩ ሚስት ሲያገባ ባለቤቴ ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት ልጅ ነው።

«ጋሼ! ምነው በእግር? ይግቡ!»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርት የሕፃን ነው! እኔ እያለሁ እርስዎ በእግርዎ? ሰው ምን ይለኛል? በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ባለቤቴ እኔን አየ፣ ባጃጁን አየ፣ ከዚያ ሰው ይሙትብኝ እንዴ በሚል ፊት ገባ። ልጁ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ከተማውን ሁሉ አዞረን። በመጨረሻም ሚስቴ ወልዳለች፣ ሳትጠይቋት አታልፉም ብሎ ቤቱ ወሰደን። ገንፎ ቀረበ። መሀሉ ላይ የቅቤው ኩሬ እንዴት እንደሚያብለጨልጭ አሁንም ድረስ አልረሳውም። ባለቤቴ ለወላዷ ክብር ሲል በላ፤ ቀጥሎ ለሕፃኑ ክብር ሲል በላ። ያን ምሽት ከመውጣቱ በፊት ከነበረው ከብዶ ነው የተመለሰው።

በሚቀጥሉት ቀናትም ያው ነው። አንዱን ባጃጅ ሸሽተን ወደ ውስጥ መንገድ ስንታጠፍ ሌላው ይጠብቀናል። ሞተር ሳይክል ያለው በሞተሩ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና የያዘው በመኪናው፣ አንድ ቀን እንዲያውም አሸዋ የጫነ ኤፍ ኤስ አር ቆሞልን ከፊት ወንበር ሰው አስወርዶ አስገባን። ባለቤቴ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅበትም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተራባ። ከሥራ ታግዷል ተባለ። ሚስቱ አባራው ነው፣ በየመንገዱ እየተከተለች ይቅርታ እየጠየቀችው ነው ተባለ። መምህራን ማረፊያ ክፍል አንዲት ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «ችግር ካለ ለእኛ ካልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምግቡን ስለቀነስኩበት ትንሽ ፊቱ ሰብሰብ ሲል ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የባል ውፍረት እዚህ የሚስት ሰርተፍኬት ነው፤ እኔ ዲግሪዬን በአራት ዓመት አግኝቼ ይህን ሰርተፍኬት ለማግኘት ስንት ዘመን ቅቤ አንጥሬያለሁ። እትዬ በአጥር በኩል ጠሩኝና «ልጄ፣ ባልሽ ከሳ። ምን ነካሽ?» አሉኝ።

መታመሙን ነገርኳቸው። የባሰው ያኔ መጣ። በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቀን ገባ፤ ታማሚ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም። የጫካ ማር በጆግ፣ ማር በጀሪካን፣ ማር ከነሰፈፉ በቅጠል ተጠቅልሎ።

«እትዬ፣ የስኳር በሽታ እኮ ነው ያመመው» አልኳቸው በልመና።

«ታዲያ ይሄ ማር ነው እንጂ ስኳር ነው እንዴ? ንብ ፋብሪካ አላት?» አሉኝና በሻይ ማንኪያ አፉ ላይ ደቀኑለት። «በሞቴ!»

ጠያቂዎቹ ሲሄዱ ማሩን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደበቅኩት። ባለቤቴ ረጅም ሰው መሆኑን ያስታወስኩት ጀሪካኑ መጉደል ሲጀምር ነው።

ከሦስቱ ወር አንዱ በዚህ አለቀ። ስኳሩ ሲለካ ንቅንቅ አላለም። ከልኬቱ ስንመለስ ባለቤቴ «መርፌው ግን ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እንደገና እግሩን ሲያይ አየሁት፤ እንደገናም ተቆጣሁ።

«ከእንግዲህ ሰው ሳይነሳ ነው የምንሄደው! ሰላም የሚለን ሳይነቃ፣ ባጃጁ ሳይወጣ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእድራችን ለፋፊ፣ ሰው ሲሞት በሌሊት እየዞረ የሚነግረን ሰውዬ፣ ጉልበቱን አሞት ቢታ ገነት ከተማ ያለው ልጁ ዘንድ ከገባ ሰንብቶ ነበር። በእሱ ቦታ እሆናለሁ የሚል አልተገኘም። ስለዚህ ለቅሶ የምንሰማው በጆሯችን መሆኑ ቀርቶ በዓይናችን ሆኗል፤ ገና ሳይነጋ ጋቢና ነጠላ ለብሶ የሚጣደፍ ሰው ያየ ሰው የራሱን ነጠላ ይለብስና ይከተላል። የት እንደሚሄድ አይጠይቅም፤ የሟቹን ቤት ሲደርስ ያውቀዋል።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ የራሳችንን አጥር በእጃችን ነው ያገኘነው። ብርድ ስለነበር እኔ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ እሱ በቱታው ላይ ጋቢ ደረበ። ትንፋሹን እንዳይጨርስ ላለማውራት ተስማምተን ዳገቱን ተያያዝነው። ባጃጅ የለም፣ ሰላምታ የለም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከኋላችን የሚሰማኝን የእግር ኮቴ እንኳ የራሳችን ኮቴ ነው ብዬ ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ የአንድ ሽማግሌ ቤት አለ። የላይ ሰፈሩ አባባ ነው የምንላቸው። እሳቸውም ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በዚያ ሰሞን ሳል ጥሏቸው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጠይቋቸዋል። ባለቤቴ በራቸው ጋ ሲደርስ አቅሙ አለቀ። አጥራቸውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደገፈና፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ ህህህ ማለት ጀመረ።

ከጉሙ ውስጥ «ወይኔ አባቴ!» የሚል ጩኸት ተነሳ።

እትዬ ነበሩ። ከበራቸው ጀምሮ ሲከተሉን ኖሯል። ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች፣ ከወንዶቹ ኋላ የእድሩን ድንኳን ቋሚ ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ ጎረምሶች። እትዬ ደረታቸውን እየመቱ «ወይኔ ደጀ ሰፊው! ወይኔ ቸሩ! ያለህን የማትሰስተው!» አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። እኔ «አይደለም! አይደለም!» ብዬ ስጮህ ሀዘን የጠናብኝ መስሏቸው ሁለት ሴቶች በብብቴ ገብተው ያዙኝ። ባለቤቴ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ስላልነበረው የወጣው ሲቃ የሚመስል ነገር ነው። ያኔማ ለቅሶው ቀለጠ።

የግቢው በር ተከፈተና አባባ ወጡ። ከእንቅልፋቸው ያባነናቸው ለቅሶ ነው፤ በደጃቸው ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ታማሚም ቢሆን አይተኛም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እያለቀሱ ተቀላቀሉን። በጉሙ ውስጥ ማንም አልለያቸውም። ትንሽ ካለቀሱ በኋላ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ሰውዬው ቀና ሳይል «የዚህ ቤት አባወራ» አላቸው።

አባባ ቤቱን ዞረው አዩት። «ይሄ?»

የሆነውን ሁሉ አልናገርም። አንድ ሰው ሮጠ፤ አንዷ ሴት ከድንኳኑ ቋሚ ጋር ተላተመች። አባባ ግን ነገሩ ሲገባቸው በከዘራቸው ሰዉን ከፈል አድርገው እትዬ ፊት ቆሙ።

«ቅድም ምን ነበር ያልሽው? ቸር ነው ያልሽኝ?»

እትዬ ነጠላቸው ውስጥ ተደበቁ።

«ባለፈው ቃሪያሽ ተወደደ ስልሽ ስስታም ብለሽኝ አልነበር? ድገሚዋ፣ ደጀ ሰፊው ያልሻትን።»

አስደገሟቸው። ከዚያም ከመጣችሁማ ግቡ ብለው ለቀስተኛውን ሁሉ አስገቡት፤ ቆጮና ጎመን ከየቤቱ መጣ፤ ባለቤቴ ጥፋተኛ ስለሆነ እንዲበላ ተገደደ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ነገር ሲያከሩ ቀኝ እጃቸው ማርሽ ይቀይራል። «በቁሙ ላለ ሰው ያስለቀሳችሁን ለምንድን ነው?» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

ባለቤቴ ተነሳ። እንደ ስብሰባ ሊያስረዳ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ስኳሩን ነገራቸው። መርፌውን ነገራቸው። ከዚያ፣ እኔ ከአፉ ሰምቼ የማላውቀውን፣ የአባቱን እግር ነገራቸው። ዳኛው እጃቸውን ከማርሹ አነሱ። እኔ ወለሉን አየሁ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ቆይ እንጂ» አሉ ዳኛው። «መሄድ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው? ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ስፖርት ነው ብለን ነበር» አልኩ።

«ስፖርትማ ምክንያት አይደለም!» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

አባባ ካሳ ይጠይቁ ተባሉ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና ግማሹን በካፊኖኖ ግማሹን በአማርኛ እንዲህ አሉ። «ይሄ ሰውዬ ገድሎኛል። ትናንት ገበያ ስወጣ አንዷ አይታኝ ዘንቢሏን ጥላ ሸሸች። ስለዚህ ጥሩምባውን እሱ ይያዝ። በየጠዋቱ ደጄ ድረስ ይውጣና ማደሬን በዓይኑ ይይ። ከዚያ ወርዶ፣ ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ፣ ደህና አድሯል ብሎ ይናገርልኝ።»

«እስከ መቼ?» አለ ባለቤቴ።

«እስክሞት ነዋ!»

ጥሩምባ የምንለው ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ማብሪያው ሲነካ ማንም ሳያዘው እንደ አምቡላንስ ይጮሃል፤ ጩኸቱን ካልጨረሰ ንግግር አይቀበልም። በመሥሪያ ቤቱ የቡድን መሪ የሆነው ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ወጣ። ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። መጀመሪያ አምቡላንሱ ጮኸ፤ ከዚያ በጣም ትሑት የሆነ ድምፅ «ይቅርታ... የላይ ሰፈሩ አባባ ደህና አድረዋል» አለ። እየሳቅሁ ወጡን አሳረርኩት።

ግን ተአምር የሚባለው እንዲህ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከያዘ ጀምሮ አንድም ባጃጅ አልቆመለትም። የሞት ለፋፊን ማን ያሳፍራል? በሞቴ ሲለው የነበረው ልጅ ከሩቅ ሲያየው ባጃጁን አዙሮ ይሄዳል። ሰላምታም ቀረ፤ ሰዉ በየበሩ ቆሞ «ማን ነው?» ብቻ ይላል፤ ማንም አለመሆኑን ሲሰማ ወደ ሥራው ይገባል። ባለቤቴ በሰፈራችን ታሪክ ሳይቆም የሚሄድ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እድሩ ደግሞ በነፃ የሚሠራ ለፋፊ ማግኘቱ ጣመው። ስብሰባ አለ ይባላል፣ የጠፋች ጊደር ትነገራለች፣ ነገ የመንገድ ጽዳት ነው ይባላል። አባባም በበኩላቸው በየጠዋቱ መልእክት ያክላሉ። አንድ ቀን «ትናንት ጎመን የላከችልኝ ጨው አብዝታለች በላት» አሉት፤ ባለቤቴም ታዛዥ ስለሆነ በድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። ሴትዮዋ በማግስቱ የላከችው ጎመን በሕይወታቸው ከበሉት ሁሉ የጣፈጠ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ አባባ ምግብ ተርፏቸው ሳላቸውም ለቀቃቸው።

የገረመኝ እትዬ ናቸው። ነገሩ የእድር ጉዳይ ከሆነ በኋላ ጠባቂው እሳቸው ሆኑ። ሰርግ ቤት አንዱ ለባለቤቴ ጠጅ ሊቀዳ ሲል የቀጂውን እጅ ያዙት። «የእድራችን ጥሩምባ ነው፤ እንዳታበላሹብን!» ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «በሞቴ እንዳትጠጣ!» ባለቤቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ አስተማሪዋ አንድ ወር ሙሉ ያላሳመንኩትን በአንድ በሞቴ ጨረሱት። የቱታው ዚፕ ደግሞ አንድ ጠዋት ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ አንገቱ ወጣ።

ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ እንደገና አይቶ፣ «ጋሼ፣ ምን ቢያደርጉ ነው?» አለ።

«በየጠዋቱ ዳገት ወጥቼ አባባ ደህና አድረዋል እላለሁ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ልክ ነው አልኩት። መርፌው ቀረ፤ በዚሁ ይቀጥሉ አለ። ባለቤቴ ሊወጣ ሲል ቆም ብሎ «ለመሆኑ መርፌው ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ?» አለ። ሐኪሙ አውጥቶ አሳየው፤ የጥፍር ያህል ናት። «ይቺ ናት?» ብሎ ስቆ ስቆ፣ ከዚያ ለማንኛውም ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ውሃ አመጡለት።

አባባ ዝናቡ ሲበረታ እንደገና ወደቁ። በዚህኛው ሳላቸው አልለቀቃቸውም። ባለቤቴ ጠዋት ማደራቸውን አይቶ ከለፈፈ በኋላ ማታም መሄድ ጀመረ፤ አንድ ቀን እኔም አብሬው ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ስሞት ሰዉ አያምንህም» አሉት። «ያንን ጩኸቱን መጀመሪያ አስጨርሰው። ከዚያ ይህኛው እውነት ነው በል።»

«አባባ፣ ምን ሟርት ነው?»

«ዳገቱንም እንዳትተው። እኔ ማደሬን ልታይ የምትመጣ መስሎህ ነበር?» ሳላቸው እስኪያልፍ ቆዩ። «ማደርህን የማየው እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ እጃቸውን ሳመ። 

ሐሙስ ጠዋት አምቡላንሱ ጮኸ። ከወጥ ቤት ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። «የላይ ሰፈሩ አባባ አርፈዋል» አለ የባለቤቴ ድምፅ፤ ከአንድ ሁለት ቤት ሳቅ ተሰማ። «ይህኛው እውነት ነው።» ሳቁ ቆመ። ድምፁ ከዳገቱ አናት ወደ ታች ሰፈር ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ወጣ፤ በየደጁ ያንኑ ይላል፤ ይህኛው እውነት ነው፣ ይህኛው እውነት ነው። ከወራት በፊት የነበረው ሰውዬ ግማሹ ጋ አጥር ይዞ በቆመ ነበር። ድምፁ አንድ ቦታ እንኳ በትንፋሽ እጦት አልተቆረጠም። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ለአባባ አለቀስኩ፤ ለዚያ ላልተቆረጠ ትንፋሽም አለቀስኩ። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው አጠገቤ ደረሱ። ደጀ ሰፊው አላሉም፣ ቸሩም አላሉም። «አባቴን» ብቻ አሉ።

ለቅሶው አለቀ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። በማግስቱ ባለቤቴ አልተነሳም። ነጋ፤ ፀሐይ ወጣ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ እንደተኛ ነው። ለማን ብዬ ልውጣ አለኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው።

«ዛሬ ጸጥ አለ እኮ» አሉ ከደጅ ሆነው። «ማን ደህና አደረ?»

«ማንም የለ፣ እትዬ» አለ ከአልጋው።

«እንዴት ማንም? እኔ ብቻዬን አይደለም ያደርኩት? እኔስ ማደሬን ማን ያውቅልኛል?»

ጋቢውን ሲፈልግ ሰማሁት። ያን ጠዋት እትዬ ደህና አድረዋል ተብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተነገረ፤ እትዬ ደጃቸው ቆመው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደተሾመ ሰው እጃቸውን አነሱ። በነጋታው ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛ ዲያቆን እኔስ አሉ። ቀጥሎ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ዘመድ የሌላት የመንግሥት ሠራተኛ በሯን ከፍታ ጠበቀችው። መንገዱ በየቀኑ እየረዘመ ሄዷል፤ አሁን ማደራቸውን ሳያይ የማያልፋቸው ሰዎች ከታች ሰፈር እስከ ዳገቱ አናት ናቸው። አናቱ ላይ፣ ባዶው ቤት ጋ፣ አጥሩን አንድ ጊዜ በእጁ ነካ ያደርግና ይመለሳል።

ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ዞሮ መጣ። እንደሌላው ቀን ዝም ብሎ የሚገባ መስሎኝ ሻዩን ያለ ስኳር እየቀዳሁ ነበር። አምቡላንሱ ከራሳችን በር ላይ ሲጮህ ማንቆርቆሪያው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

«የዚህ ቤት አባወራም» አለ ባለቤቴ በሙሉ ድምፁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ደህና አድሯል!»

«ሰምተናል!» ብዬ ጮህኩበት። «ግባና ሻይህን ጠጣ!»